በማገዶው ውስጥ ያደረው

ከታመመ የኤልም ግንድ ላይ ቅርፊቱን በቢላ ሳነሳ ከሥሩ የሚወጣው ቅርጽ ዛሬም ያስገርመኛል። ከጣት የማይረዝም ቦይ በግንዱ ቁመት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከግራና ከቀኙ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ማራገቢያ ይበተናሉ። ቀጥ ያለውን ቦይ የቆፈረችው የሩዝ ፍሬ ግማሽ የማታክል እናት ጥንዚዛ ናት። የጎንዮሾቹ የእጮቿ ናቸው፤ እየበሉ ሲወፍሩ መንገዳቸውም አብሮ ይሰፋል።

ዋሽንግተን አካባቢ ዛፍ መግረዝ ስጀምር ጥንዚዛዋ ያገኘችውን የምትወጋ ይመስለኝ ነበር። ምርጫዋ ግን ሁለት ነው። ብርዱ ሲያልፍ ከቅርፊት ወጥታ ወደ ጤነኛ ኤልም ትበርና ከለጋ ቅርንጫፎች ብብት ጥቂት ትግጣለች። ለመውለድ የደከመ ወይም አዲስ የተቆረጠ እንጨት ትሻለች። ቀድማ የገባችው ሌሎቹን በጠረን ትጠራለች፤ ከሦስቱ የጥሪ ቅመሞች ሁለቱ የራሷ፣ ሦስተኛው የዛፉ ነው።

ዛፉን የሚገድለው ገላዋ ላይ ተሸክማው የምትመጣው ፈንገስ ነው። በተጋጠው ብብት ገብቶ ውሃ አመላላሽ ቱቦዎቹ ውስጥ ይሰራጫል፤ ዛፉ ሊከላከል ቱቦዎቹን ሲደፍን ራሱን ያስጠማል። አሜሪካ ውስጥ በሽታው በ1930 ኦሃዮ ላይ ታየ፤ ያመጣው ለፈርኒቸር ከአውሮፓ የተጫነ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ ግንድ ነበር።

ያንኑ ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። በአንድ መስከረም የታመመ ኤልም ቆርጬ ልጭን ስል ባለቤቱ፣ አንድ አዛውንት ያገሬ ሰው፣ «ልጄ፣ እንጨቱን ተውልኝ፣ ለብርዱ ይሆነኛል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ከነቅርፊቱ አጥር ሥር አሳምሬ ደረደርኩት። በሰኔ የጎረቤታቸው ኤልም አረንጓዴ መሃል አንድ ቅርንጫፍ ቢጫ ሆነ። ቆርጬ ስልጠው እንጨቱ ላይ ቡናማ ሰረዝ አየሁ። ወደ ክምሩ ሄድኩ፤ ግማሹ ሳይነድ ቀርቷል፣ ቅርፊቱ በመርፌ ጫፍ የተወጋ ያህል ተበሳስቷል። ሁለቱን ዛፎች ያገናኘው የእኔ «እሺ» ይሁን ሌላ ክምር፣ ማረጋገጫ የለኝም። ጋሼ ግን ክምሩን ሳይ ፊቴን አይተው ምንም አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲህ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ኤልም አልገርዝም፤ ትኩስ ቁስል ጥንዚዛ ይስባልና። ማገዶ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ቅርፊቱን ልጬ እሰጣለሁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሒሳብ ላይ አላስገባውም።