ነጩ ድብና የጨርቁ ሥዕል

አማርኛ «ገባኝ» ሲል የግሱ ባለቤት እኔ አይደለሁም፤ የገባው ነገሩ ነው። ሰዋስዉን ካመንነው መረዳት እንግዳ ነው፤ ሰውዬው በሩን ከፍቶ ይቀበላል እንጂ አይደክምም። ይህን እያሰብኩ ነው ሁለት የቆዩ የሥነ ልቡና ጥናቶችን ደግሜ ያነበብኩት።

እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ሶቪየታዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ አሌክሳንደር ሉሪያ ወደ ኡዝቤኪስታን ገጠር ዘልቆ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን ጠየቀ፦ በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምልያ በሩቅ ሰሜን ናት፤ የዚያ ድቦች ምን ዓይነት ቀለም አላቸው? አንዱ መላሽ ያየሁት ጥቁር ድብ ብቻ ነው፣ አገር ሁሉ የየራሱ እንስሳ አለው አለ። አጥብቀው ሲጠይቁት፣ ነጭ ድብ በዓይኑ ያየ ሽማግሌ ቢነግረኝ አምን ነበር ሲል መለሰ። ሉሪያ ይህን መልስ ረቂቅ አስተሳሰብ ገና ላለመዳበሩ ምልክት አድርጎ ወሰደው።

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። መልሱን እንዘርዝረው፦ ያላየሁትን አልናገርም፤ ይህን አላየሁም፤ ስለዚህ አልናገርም። አመክንዮው እንከን የለውም። ገበሬው የገፋው መነሻ ሐሳቡን ነው። ከከተማ የመጣ እንግዳ «ድቦች ሁሉ» ሲል፣ ሁሉንም ማን አይቶ ቆጠራቸው? «እንበልና» ብሎ ያልታየን መቀበል የሚለመደው ትምህርት ቤት ነው፤ በኋላም ተመራማሪዎቹ ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል ላይቤሪያ ውስጥ እንዲህ ያለውን የአመላለስ ልዩነት ያገኙት ከትምህርት ቤት ጋር ተያይዞ ነው፤ ፊደል ማወቅ ብቻውን አላመጣውም።

ሁለተኛው ጥናት እዚሁ አገራችን የተደረገ ነው። ያን ዴሬጎቭስኪ ከሙልድሮው ባልና ሚስት ጋር በ1972 ያሳተመው ሲሆን፣ ጉዳዩ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ፣ ሥዕል ያልለመዱ የሜኢኒት ሰዎች ናቸው። ቀደም ሲል ከሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ አንድ ገጽ ሲሰጣቸው ወረቀቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ እያጠፉ ድምፁን አዳመጡ፣ ሊቀምሱትም ሞከሩ፤ ሥዕሉን ግን ልብ አላሉትም። ምን ያድርጉ፣ ብርቁ ወረቀቱ ነበር! ስለዚህ ተመራማሪዎቹ እንስሳቱን በሚያውቁት ነገር፣ በጨርቅ ላይ ሣሉ። አብዛኞቹ ለዩአቸው፤ አንዳንዱ ግን የለየው በአንዴ ሳይሆን ጭራውን፣ እግሩን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ጊዜ ወስዶ ነው።

ይህ ማየት ነው ወይስ ማሰብ? ጭራና ቀንድ ይዞ ወደ አጋዘን መድረስ ከማስረጃ ወደ ድምዳሜ መሄድ ነው። የሳይንስ ሊቁ ኸርማን ኸልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማየት ሁሉ ሳናውቀው የምናደርገው ድምዳሜ ነው ብሎ ነበር። ሥዕል እያየ ያደገ የከተማ ልጅ ያንኑ መንገድ በልምድ ስለሚሮጠው ኮቴው አይሰማም፤ የሜኢኒቱ ሰው ግን ጮክ ብሎ ተራመደው። «ገባኝ» የሚለው ሰዋስው የሚደብቀው ይህን ድካም ነው።

ማየት ማሰብ ነው የሚለው ሙግቴ ግን እስከ ዳር አይዘልቅም። ፍራንዝ ሙለር-ላየር በ1889 ያሳተማቸውን ሁለት መስመሮች ወረቀት ላይ ሥያለሁ፤ የአንዱ ጫፎች የቀስት ራስ ናቸው፣ የሌላው ወደ ውጭ የተከፈቱ። ማስመሪያ ባስቀመጥኩ ቁጥር እኩል ናቸው። እኩልነታቸውን አውቃለሁ፣ ላስረዳም እችላለሁ። ማስመሪያውን ሳነሳ ግን ያ ክፍቱ መልሶ ይረዝማል።