ከገበሩ በታች

ጥር ሲገባ የሰርግ ልብስ ዋጋ ምሬት ይጀምራል። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ሦስትና አራት ሰርግ የሚጠራ ሰው በደልጊም በባሕር ዳርም ሞልቷል፤ ለዳግማይ ትንሣኤና ለግንቦት የሚቀጠረው ሌላ ነው። ምሬቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሰዉ የሚያማርረው ባወጣው ገንዘብ እንጂ በገዛው ነገር አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይህ ነው። በእድምተኛው መካከል «እንዴት ያምራል!» የሚባልለት ቀሚስ ተገልብጦ ቢታይ ብዙ ጊዜ አንገት የሚያስደፋ ነው። ውዳሴውን የሰማው ነጋዴ ያንኑ ደግሞ ያመጣል፤ አጠገቡ ቆሞ የሚማረው ልብስ ሰፊም ጥሩ ሥራ ማለት ይህ ነው ብሎ ይይዘዋል። እኔ የምለው፣ የሰርግ እንግዳን ኪስ የሚያራቁተው ውድ ልብስ ሳይሆን ጀርባው ሳይታይ የተገዛ ልብስ ነው።

ስለ ልክ፣ ስለ ስፌት መጥበቅ፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ስለማየት እዚህ አልጽፍም፤ እነዚህን ማንም ያውቃቸዋል። የማያውቁት፣ ቢያውቁትም የማያደርጉት፣ ጥለቱን ገልብጦ ማየትን ነው።

ጥለት የሚሠራው እንዲህ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጥና ነጩን ጨርቅ በመወርወሪያ ይሸምናል፤ ጥለቱ ጋ ሲደርስ እጁ ይዘገያል። ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ ባለ ቀለሙን ክር በተነሳው ድር ሥር ያሳልፋል፣ ማጉን ወርውሮ ይመታል፣ ከዚያ እንደገና ይቆጥራል። ቀለሙ አንዱን መስቀል ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲሻገር ክሩ የሚያልፈው በጀርባ በኩል ነው፤ የሙያው ልክ የሚታወቀውም እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። ጥሩ ሸማኔ መሻገሪያውን ያሳጥራል፤ ክሩ ሩቅ መሄድ ካለበት መሃል ላይ በድር ያስይዘዋል፤ ቀለም ሲለውጥም የክሩን ጫፍ መልሶ በሽመናው ውስጥ ይቀብረዋል። እንዲህ የተሠራ ጥለት ሲገለበጥም ቀለሙና ቅርጹ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጣት ቢሄድበት የሚይዝ ነገር የለም። ሥራው የተጣደፈበት ሸማኔ ግን ክሩን ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው እንዳለ ይጎትተዋል፣ ጫፉንም ሳያስይዝ ይቆርጠዋል። ውጤቱ በገበያው ቀን አይታይም። የእጅ ሰዓት ወይም ቀለበት ሲይዘው ክሩ ይመዘዛል፤ ሲታጠብ ባለ ቀለሙ ክርና ነጩ ጨርቅ እኩል ስለማይሰበሰቡ ጥለቱ ይኮማተራል፤ ጨርቁ ስስ ከሆነ ደግሞ የተጎተተው ክር ከፊት በኩል እንደ ጥላ ይታያል። ሁለት እጥበት ይበቃዋል።

ጀርባው ሌላም ነገር ይናገራል። የታተመ ጨርቅ ጥለቱ የተሸመነ መስሎ ፊቱ ላይ ክር ክር ይላል፤ ሲገለበጥ ግን ቀለሙ ደብዝዞ ወይም ነጭ ሆኖ ይገኛል። በፋብሪካ ተመርቶ ከውጭ የሚመጣው የሐበሻ ልብስ መሰል ጨርቅ አብዛኛው በዚህ ይታወቃል። የመኪና ጥልፍ ከሆነ በጀርባው የሚታየው አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የታች ክር ነው፤ ጨርቁ እንዲጠነክር የሚለጠፍ ወረቀት መሰል ነገርም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተርፎ ይገኛል። ከሌላ ጨርቅ ተቆርጦ የተለጠፈ ጥለት ደግሞ ዙሪያውን በስፌት ተይዟል፤ ከሥሩ ያለው ነጭ ጨርቅ ሳይቋረጥ ያልፋል። ጥልፍም ሆነ ለጠፋ በራሱ ነውር አይደለም፤ ደረትና እጅጌ ላይ እንዲያውም ተገቢ ነው። ነውሩ በሽመና ዋጋ ሲሸጥ ነው። እነዚህን ሁሉ ከፊት ለፊት ሆኖ መለየት ለዐዋቂም ያስቸግራል፤ ከጀርባ ግን ሕፃን ይለያቸዋል።

ታዲያ ገዢው ለምን አያይም? እንዳያይ ስለተደረገ ነው። ተሰፍቶ የሚሸጥ ቀሚስ ዛሬ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ገበር ገብቶለት ነው የሚሰቀለው፤ ገበሩም ግራና ቀኙ፣ ከታችም ጫፉ ተሰፍቶ ተዘግቷል። ስስ ሸማ ገላ ስለሚያሳይ ገበር ያስፈልጋል የሚለው መልስ እውነት አለው፤ የሚያስፈልገው ግን ገበሩ እንጂ መዘጋቱ አይደለም። ከወገብ ተይዞ ከታች ነጻ የተለቀቀ ገበር ገላን እኩል ይሸፍናል፤ ጨርቁ ሲታጠብ የሚሰበሰብበትን ቦታም ይሰጠዋል። የሚሰበሰብ ጥጥና የማይሰበሰብ ፖሊስተር ጫፋቸው አንድ ላይ ከተሰፋ ቀሚሱ ከታጠበ በኋላ ጠርዙ እንደሚጨማደድ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ እያወቀ ከዘጋው ሁለት ምክንያት ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ቀሚሱ ይታጠባል ብሎ አላሰበም፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ስለዚህ ደንቤ የጸና ነው፤ ከታች በኩል አንድ ስንዝር ያህል ገበሩ ተፈትቶ ያልታየ ቀሚስ አይገዛም። ሻጩ «ስፌቱ ይበላሻል» ካለ፣ መልሶ መስፋት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። እምቢ ካለ ደግሞ ሌላ ሱቅ አለ።

ጀርባ ማን ያያል የሚል ሰው አይጠፋም። ቀሚስ ላይ የሚለው ልክ ሊመስል ይችላል፤ ነጠላ ላይ ግን ፈጽሞ አይሠራም። ነጠላ ሲጣፋ፣ ሲደረብ፣ ከትከሻ ሲወርድ ሁለቱም ፊቱ ይታያል። ለሰርግ አንድ ዓይነት አለባበስ አለው፣ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ ለቅሶ ላይ ደግሞ ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል። የሰርጉ ነጠላ ነገ ለቅሶ ቤት ይገባል፤ ጀርባው ያልተሠራለት ጥለት ያንጊዜ የት ይደበቃል? በሽመና የተሠራ ጥለት ድሮም ለሁለቱም ፊት እየታሰበ የተሠራው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ጀርባን መርሳት የመጣው ጥለቱ ከነጠላ ወደ ገበር ለባሽ ቀሚስ ሲሻገር ነው።

ልብስን በጀርባው መመዘን የኛ ብቻ አይደለም። በሕንድና በፓኪስታን ባለው በፑንጃብም ሰርግ ብዙ ልብስ ይጠይቃል፤ እዚያ ሂና ለሚቀባበት ቀን፣ ለዘፈኑ ምሽት፣ ለጋብቻው ሥርዓትና ለግብዣው እንግዳው የተለያየ ልብስ ይዘጋጃል። እኛም ሽምግልናው፣ ሰርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ የየራሱን ልብስ እየጠየቀ ወደዚያው እያመራን ነው። ከፑንጃብ መማር የሚገባን ግን የልብሱን ቁጥር አልነበረም። ፉልካሪ የሚባለው የፑንጃብ የሰርግ ጥልፍ በጥንቱ ወግ በእጅ በተፈተለ ወፍራም ጥጥ ላይ በሐር ክር ይሠራል፤ ጠላፊዋ የምትሠራው በጀርባው በኩል ሆና የጨርቁን ክር እየቆጠረች ነው፤ ፊቱ የሚወጣው ከጀርባው ትክክለኛነት ነው። በጥሩ ፉልካሪ ጀርባ ላይ የሚታዩት ነጠብጣብ የመሰሉ ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ ሐሩ ውድ ስለሆነ በማይታይ በኩል አይባክንም። ቆጥቦ መሥራትና አሳምሮ መሥራት እዚያ አንድ ሆነዋል።

እዚህ ጣና ዳርም እንዲሁ ነበር። ደልጊ ያለችበት የጣቁሳ ወረዳ የሚዋሰነው ቋራ ጥጥ የሚያበቅል ቆላ ነው። ጥጡ ቤት ውስጥ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ለሸማኔ ይሰጥ ነበር። ሴቲቱ ክሯን ታውቀዋለች፤ ስንት ልቃቂት እንደሰጠች፣ የትኛው ቀጭን የትኛው ወፍራም እንደነበር ታስታውሳለች። ሸማው ሲመለስላት መጀመሪያ የምትመረምረው ክሯ በአግባቡ መዋሉን ነው፣ ለዚህም ትገለብጠዋለች። «ቀጭን ፈታይ» መባል ትልቅ ሙገሳ በሆነበት አገር ለሸማኔው ማታለል ከባድ ነበር። ሸማኔዎቹም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ሽመና ከያዙት መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ መሬት ለመያዝ ሲከለከሉ ወይም ሲገፉ እጃቸው ርስታቸው ሆነ። ኅብረተሰቡ ሸማቸውን ለብሶ ሙያቸውን ሲንቅ ኖረ፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከቤተ እስራኤላውያኑ ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጡ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አብሯቸው የሄደው የሽመና ዕውቀት ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየን የቀሩት አሮጌ ሸማዎች ጀርባ ነው፤ በየሣጥኑ ያለ የአያት ኩታ ይውጣና ከዛሬው ጎን ተገልብጦ ይታይ። በዚያ ዘመን ሸማኔው ይናቅ ነበር፣ ሥራው ግን በጥብቅ ይመረመር ነበር። ዛሬ ባለሙያውን እናከብራለን እንላለን፣ ሥራውን ግን አንመረምርም። ሥራው የማይታይለት ሰው ደግሞ ተከብሯል አልልም፤ ጀርባውን አሳምሮ የሚሠራው ሸማኔ ከሚያዘባርቀው እኩል ዋጋ እየተከፈለው እስከ መቼ ይደክማል?

ፋብሪካው ነው ጥፋቱን ያመጣው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ከ1953 ዓ.ም. ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ የፋብሪካ ክር ድር ሆኖ የእጅ ፈትል ማግ ሲሆን እጅግ ጥሩ ሸማ ይወጣል። ድሩ ይጠነክራል፣ ማጉ ይለሰልሳል። ያጠፋነው የመመርመር ልማዱን ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ለአንድ ሰርግ የሚገዛ ቀሚስ ይህን ደመወዝ እንዳለ ሊውጥ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው የሚያብለጨልጭ ክር ሁሉ ተወድዷል። እንግዳው ዛሬ ጭማሪ የሚከፍለው ባብዛኛው ለዚህ ብልጭታ ነው፤ ብልጭታው ግን ከቀሚሱ ሁሉ ቀድሞ የሚያረጅ ክፍል ነው። ሒሳቡ በግዢ ዋጋ አይሠራም፣ በተለበሰበት ጊዜ ነው መካፈል ያለበት። 15,000 ብር የወጣበት ሸማ ሠላሳ ጊዜ ከተለበሰ ለአንዱ ቀን 500 ብር ይደርሰዋል፤ በ6,000 ብር የተገዛው ሁለት ጊዜ ታጥቦ ከተኮማተረ 3,000 ይሆናል። ሁለተኛውን «ርካሽ» የሚለው ሰው ሒሳቡን አልጨረሰም። አሥራ አምስት ሺህ ያልያዘውስ ምን ይልበስ? ጥያቄው ከባድ ነው፣ መልሴም ግልጽ ነው፤ ቀሚሱን ትቶ ነጠላውን ይግዛ። ጥሩ ጥለት ያለው አንድ ነጠላ በማናቸውም ነጭ ልብስ ላይ ይደረባል፤ ከውሰት ቀሚስም፣ ከኪራይም ጋር ይሄዳል። ውሰት በገጠር ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ነውር ያደረገው ከተማ ነው። የታተመውን ጨርቅም የሚገዛ ይግዛ፤ የታተመ መሆኑን አውቆና በታተመ ዋጋ ከሆነ አልቃወምም።

የሚከብደው የአንድ ዓይነት ልብስ ጉዳይ ነው። የሙሽራዋ ጓደኞችና ዘመዶች አንድ ጥለት መርጠው «ሁሉም ይግዛ» ይላሉ፤ እምቢ ማለት ፍቅር እንደ ማጉደል ይቆጠራል። ይህ ልማድ ከአንድነት ስሜት መምጣቱን አልክድም፤ በአንድ ጥለት ደምቀው ሲገቡ ማየት ልብ ይሞላል። ግን ሠላሳ ቀሚስ በአንድ ወር ውስጥ ሲታዘዝ ያንን ጥለት ድር እየቆጠረ የሚጨርስ ሸማኔ የለም፤ ስለዚህ ወደ ህትመትና ወደ ተጎተተ ክር መሄድ ግድ ይሆናል፤ ዋጋው ግን የጥሩ ሥራ ዋጋ ነው። ከዚያም ልብሱ «የእገሊት ሰርግ» ተብሎ ስለሚታወቅ ሌላ ሰርግ ላይ አይደገምም። አንድነቱ በጥለቱ ቀለም ይሁን። ሙሽራዋ ቀለሙን ትናገር፣ እያንዳንዱ እንግዳ በዚያ ቀለም ነጠላ ይያዝ ወይም ያሠራ፣ ቀሚሱ የየራሱ ይሁን። ትእዛዙም ከሦስት ወር በፊት ለሸማኔ ይድረስ፤ ለጥር ሰርግ በጥቅምት ማለት ነው። ጨርቁ ከሸማኔው እጅ ሲመጣ ወደ ልብስ ሰፊው ከመሄዱ በፊት በቀን ብርሃን፣ ደጅ ላይ፣ ጀርባው ወደ ላይ ተዘርግቶ ይታይ፤ ጣት ጥለቱ ላይ ይሂድ፤ የያዘው ክር ካለ ለሸማኔው ይመለስለት። ገበሩ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።