ኮሽ ያለው ማን ነው? ስለ ሌሊት መንገድ ወግ

በአማርኛ ሥነ ቃል ጥናት ፉከራና ቀረርቶ፣ ሙሾ፣ እንቆቅልሽና ተረት የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። መሽቶበት ብቻውን ጫካ ያቋረጠ ሰው የገጠመውን የሚያወጋበት ትረካ ግን ተፈልጎ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በቀልድ መድበል ውስጥ ነው። ጉቶ ጅብ መስሎት ሲታገል ያደረ ፈሪ፣ ነጠላውን ቁጥቋጦ ሲይዝበት «ማረኝ» እያለ የለመነ ጎበዝ ነኝ ባይ። አንባቢ ይስቃል፤ የማስተማሪያ መጽሐፍም «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» ብሎ ያልፋል። ይህ ንባብ አንድን ሙሉ ትረካ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ መመዘን ነው። የሌሊት መንገድ ወግ ብዬ የምጠራው ይህ ዘውግ፣ አማርኛ ፍርሃትን ለመናገር ካበጃቸው ጥበቦች ሁሉ የረቀቀው ነው ብዬ አምናለሁ። ጥበቡም ያለው ሳቁ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ከተረት የሚለየውን በቅድሚያ እንይ። በተረት «ተረት ተረት» ሲባል አድማጩ «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ብሎ ይቀበላል። በዚህ ቅብብል ሁለቱም ወገኖች የሚነገረው በእውን ያልሆነ መሆኑን ይስማማሉ፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ደግሞ ውሉ ያበቃል። የሌሊት መንገድ ወግ እንዲህ ያለ ውል የለውም። የሚጀምረው በቦታና በሰዓት ነው፤ ከየትኛው ገበያ ሲመለስ እንደነበር፣ የትኛው ወንዝ ላይ ጀንበር እንደጠለቀችበት፣ የመጀመሪያው ዶሮ ጮኾ እንደሆነ ወይም ገና እንደሆነ። አድማጩ ወንዙን ያውቀዋል፤ ነገ ከብቱን ይዞ በዚያው ያልፋል። ስለዚህ ወጉ ሲያልቅ የሚዘጋ በር የለም፤ ፍርሃቱ ከተራኪው ወደ አድማጩ መንገድ ይሸጋገራል።

አሁን ወደ ቋንቋው። የዚህ ወግ የጀርባ አጥንት «አለ» የሚለው ግሥ ነው። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጨለማው ድቅድቅ ያለ ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ከዚያ አንድ ነገር ኮሽ ይላል። ሰውየው ክው ይላል፤ ቀጥ ይላል፤ ትንፋሹን ውጦ ዝም ይላል። ጫካውም ዝም ይላል። እንደገና ኮሽ። ሰውየው እመር፣ ከዚያም ፈትለክ። ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ዱሩና መንገደኛው በአንድ ግሥ እየተቀባበሉ ነው። ዱሩ በሦስተኛ መደብ «አለ» ብሎ ይናገራል፤ መንገደኛው በመጀመሪያ መደብ «አልኩ» ብሎ ይመልሳል። «ብቻዬን ነበርኩ» ብሎ የጀመረ ሰው ሳያስበው የሁለት ወገን ንግግር ያወጋናል። በሌሊት ጫካ ውስጥ ሰውን የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ አጥርቶ ያሳየኝ ጽሑፍ አላነበብኩም፤ ብቸኝነት ድንገት መልስ ማግኘቱ ነው።

ኮሽ ያለው ማን ነው? ሰዋስው «እሱ» ይላል፤ እሱ ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። በቀን ንግግር ባለቤቱ ወዲያው ይጠራል፤ በሩ ኮሽ አለ እንላለን፣ አይጧ ኮሽ አደረገች እንላለን። የሌሊት ተራኪ ባለቤቱን ሆን ብሎ ያስቀራል፤ ያስቀረበትንም ቦታ በዝምታ ይጠብቃል። ጥሩ ተራኪ ከ«ኮሽ» በኋላ ፈጥኖ አይቀጥልም። እሳቱን ይቆሰቁሳል፣ ጋቢውን ይሰበስባል፤ አድማጩ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የራሱን ጅብ፣ የራሱን ሽፍታ፣ የራሱን ሙት እንዲያስቀምጥ ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ኮሽታ ትንሽ ቀረብ አድርጎ ያመጣዋል። በጽሑፍ ሲሰፍር ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሰብሳቢዎቻችን ድግግሞሹን እንደ ብክነት ቆጥረው ያርሙታል፤ መደቡን ወደ ሦስተኛ ይለውጡታል፤ «ድምፅ ሰምቶ በጣም ፈራ» ብለው በአራት ቃላት ይጨርሱታል። እነዚህ አራት ቃላት የአንድን ምሽት ሥራ ይሰርዛሉ።

ሌላው መሣሪያ በግሡ ጫፍ የምትንጠለጠለው «ብኝ» ናት። መሸብኝ፣ ጨለመብኝ፣ ጭር አለብኝ፣ መንገዱ ጠፋብኝ። ምሽት ለአገር ሁሉ እኩል ይመሻል፤ በዚህ ወግ ግን በአንድ ሰው ላይ ለይቶ ይመሻል። ተራኪው ፍርሃቱን ሳይናገር ዓለሙ ሁሉ እንደተነሣበት ያስረዳናል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ቅጥያዋ ወደ «ልኝ» ዞራ «ነጋልኝ» ይባላል፤ በዚህች አንዲት ፊደል ለውጥ አድማጩ ሳይነገረው ትከሻው ይላላል። «ፈራሁ» የሚለው ቃል ራሱ በጣም ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣም ብዙ ጊዜ በአሉታ ነው፤ «አልፈራሁም፤ ብቻ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።» እዚህ ላይ ክህደት አለ ብለው የሚስቁ አሉ። እኔ የማየው ልከኝነትን ነው፤ ተራኪው ስሜቱን የራሱ ሥራ አድርጎ አይመካበትም፣ እንደደረሰበት ነገር ያቀርበዋል።

ከዚህ አንጻር ፉከራን እናስተያይ። ፉከራ በብርሃን፣ በሰው ፊት፣ በጩኸት የሚቆም ጥበብ ነው፤ ጀግንነቱን የሚመሰክሩለት አድማጮች ከፊቱ ተሰልፈዋል። ታላቅነቱን አልክድም፤ ነገር ግን ፉከራን የወንድነት ሙሉ መዝገብ አድርገን በማንበባችን የአንድን ሕዝብ የስሜት ታሪክ ግማሹን አጥተናል። የፎከረው ሰው ራሱ ምሽት ላይ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመልሷል። በመንገዱ ላይ ዳዊት ደግሟል፣ በስመ አብ ብሎ አማትቧል ወይም ቢስሚላህ ብሏል፤ በአንገቱም ክታብ አስሯል። ይህን የሚነግረን የሌሊት ወግ ብቻ ነው።

ሌሊቱን ለፍርድ ስንል የመዝለል ልማዳችን ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ለማየት የታወቀውን የተራራውን እሳት ታሪክ መመልከት ይበቃል። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መድበል ርእስ የሆነው ይህ ታሪክ፣ አርሃ የተባለ አገልጋይ በተራራ አናት ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ቆሞ ለማደር መወራረዱን ይነግረናል። ማዶ የነደደ የሩቅ እሳት እያየ ያድራል፤ ጌታው ግን እሳት አይተሃልና ሞቀኸዋል ብሎ ይክደዋል። ሁላችንም የምናስታውሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው፤ በምግብ ሽታ ብቻ የተስተናገዱትን እንግዶችና የተመለሰውን ፍትሕ። ፍርዱ ውብ ነው። ነገር ግን የታሪኩ እውነተኛ ሥራ የተሠራው በዚያ ተራራ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ዓይኑን ከአንዲት ነጥብ ብርሃን ላይ ሳይነቅል ጨለማን እንዴት እንዳሳለፈ። በተለመደው አተራረክ ይህ ጥቂት መስመር ያገኛል፤ የሚታየውም ጠላት ብርዱ ብቻ ነው። አርሃ በዚያ ሌሊት የሰማውን ማንም አልጠየቀውም።

ፍርሃቱ የአላዋቂነት ውጤት ነው የሚሉ ደግሞ አሉ። ጅብ ሲያጓራ ድምፁ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ እንደሚችል ይታወቃል፤ ከዝቅታ ተነሥቶ እያሻቀበ ስለሚሄድ በጨለማ ርቀቱን መገመት ያስቸግራል። በ2012 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦቭ አኒማል ኢኮሎጂ የታተመው የጊደይ ይርጋና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ሁዳዴ ሲገባና ከሉካንዳና ከየቤቱ የሚጣለው ትርፍራፊ ሲቀንስ ጅቦች አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ ከኩሳቸው ውስጥ በተገኘው ፀጉር አሳይቷል። የሰው ጾም የአውሬውን ማዕድ በሚለውጥበት አገር ኮሽታን የሚሰማ ጆሮ ዕውቀት አለው።

ጫካውም ቢሆን ማንኛውም ጫካ አይደለም። በሰሜኑ ደጋ፣ ማሳና ግጦሽ ምድሩን ባራቆቱበት አካባቢ፣ ለብዙ ሰው ጥንታዊ ጫካ ማለት የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. በዋህኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ሥራ የእነዚህን ደኖች ሀብትና አደጋ በዝርዝር አጥንቷል። ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው የቆሙት በመቃብር መካከል ነው። እዚህ ላይ ወጉ ልዩ መልክ ይይዛል። የሚሸሽ ሰው እንኳ በቅጥሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ ይሳለማል። ተራኪው ሩጫውን አቋርጦ ይህን ስግደት ሳያስቀር ይነግረናል፤ ግሦቹ ይረዝማሉ፣ «ፈትለክ» ያለው አንደበት «ተሳልሜ፣ ደጁን ስሜ፣ አለፍኩ» ወደሚል ርጋታ ይወርዳል። በሰማኋቸው ወጎች ሁሉ ከዚህ ቅጽበት የበለጠ የምወደው የለም። ፍርሃትና አክብሮት በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ የዘውጉን ነውር መደበቅ አይገባኝም። ባዶ የተተወው የባለቤት ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ አይቀርም። በቀልዱ ዓይነት ጉቶ ይሞላዋል፤ ጉቶ ማንንም አይጎዳም። በሌላው ዓይነት ግን ሰው ይሞላዋል። መንገደኛው በሌሊት ጅብ ወግቶ ያቆስላል፤ ሲነጋ የሰፈሩ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ በዚያው ቦታ ቆስሎ ይገኛል። ቡዳ ጅብ ሆኖ ይሄዳል የሚለውን እምነት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩት ናትናኤል ፒርስና ማንስፊልድ ፓርኪንስ ሁለቱም መዝግበውታል። ሃጋር ሳላሞን በእስራኤል ከሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ጋር ባደረገችው ቃለ መጠይቅ ላይ ተመሥርታ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ሃይና ፒፕል» የተሰኘ መጽሐፍ፣ ይህ ክስ በጎረቤታሞች መካከል እንዴት እንደኖረ ያሳያል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ ግን እሳት ዳር የሚነገረውን ወግ አልደረሰበትም።

ሰውን በሚወነጅል የወግ መጨረሻ ላይ የምሰጠው ፍርድ የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የሥነ ጥበብም ነው። ሸክላ ሠሪዋን የሚጠቁም ወግ መጥፎ ወግ ነው። የገነባውን ሁሉ በአንድ ስም ይሸጠዋል፤ ሌሊቱ የጠየቀውን ጥያቄ በምቀኝነት ይመልሰዋል፤ ለዘመናት ሰው አግልሏል፣ አስደብድቧል። ፈሪን አስቆ የሚጨርሰውም ቢሆን ጉዳት ባያደርስም ያው ድካም አለበት፤ ሁለቱም ዝምታውን መሸከም አልቻሉም። ታላላቆቹ ተራኪዎች «እስከ ዛሬ ምን እንደነበር አላውቅም» ብለው የሚያቆሙት ናቸው። ቀልድ ስለማይሆኑና ትምህርት ስለማይወጣባቸው መድበሎቻችን ውስጥ የማይገቡት ግን እነዚሁ ናቸው።

የሴቶች ወግ ደግሞ ከዚህም የባሰ ተዘንግቷል። ጎህ ሳይቀድ ውኃ የሚቀዱ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች ከማንም በላይ ጨለማንና ዱርን ያውቃሉ። ከእነሱ የሰማኋቸው ወጎች ውስጥ «ኮሽ» አለ፤ ዝምታውም አለ፤ ዝምታው ግን የተለየ ክብደት አለው። ወንድ ተራኪ ኮሽ ያለውን ስለማያውቅ ነው የሚተወው። ሴቷ ብዙ ጊዜ ታውቀዋለች። ሰው ነበር፤ አንዳንዴም ፊቱን የምትለየው ሰው። ስሙን ሳትጠራ «ብቻ እግዚአብሔር አወጣኝ» ብላ ወደ ሸክሟ ክብደት ትመለሳለች። ይህን ዝምታ የተራኪነት ጥበብ ብዬ ለማወደስ አልደፍርም፤ የተገደደችበት ነውና። ሆኖም ስለ ሌሊት ፍርሃት የምናደርገው ጥናት ይህን ካልሰማ የወንዶችን ጨዋታ ብቻ መመዝገብ ይሆናል።

ዛሬ መንገደኛው ባትሪ ይዟል፤ ስልኩም ያበራለታል። ወጉ ግን አልሞተም፤ የባትሪው ብርሃን በእግር ፊት ያለውን ክብ ብቻ ስለሚያሳይ ከክቡ ውጭ ያለው ይበልጥ ይጠቁራል፤ ወጣት ተራኪዎችም ይህን አውቀው ይጠቀሙበታል። የሚሞተው በሽማግሌዎቹና በአሮጊቶቹ አፍ ያለው ነው። ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው ፎክሎር ለምታስተምሩና ለምትማሩ የምለው ይህ ነው፦ የሌሊት ወግ ለመቅዳት በቀን በቢሮ ሰዓት አትሂዱ፤ ማታ ሂዱ። ድግግሞሹን አትረሙ፤ ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደቆየ መዝግቡ። የመጀመሪያውን መደብ አትለውጡ። ጎረቤትን የሚወነጅለውን መጨረሻ ስታገኙ አትቁረጡት፤ ማን በማን ላይ፣ በየትኛው ጠብ ምክንያት እንደተናገረው ከሥሩ ጻፉ። ሴቶቹንም ወንዶች በሌሉበት፣ በሴት ጠያቂ፣ ሲፈቅዱ ብቻ አድምጧቸው።