ስደተኛው የሙዚቃ መምህርና ደብዳቤዎቹ፦ የፍሬደሪክ ሾፓን መልእክቶች አነባበብ

ፍሬደሪክ ሾፓን (1810–1849) በዓለም የታወቀው በፒያኖ ድርሰቶቹ ነው። የዕለት እንጀራውን ይበላ የነበረው ግን በአብዛኛው በማስተማር ነበር። ዋርሶን ለቅቆ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 1830 ሲሆን፣ ወር ሳይሞላው በሩሲያ አገዛዝ ላይ አመፅ ተነሣ። አመፁ በ1831 ሲደመሰስ ወጣቱ ፓሪስ ገባ፤ የዋርሶን ምድር ዳግመኛ አልረገጠም። አባቱ ከፈረንሳይ ወደ ፖላንድ ተሰዶ ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ሰው ነበር። ልጁም በተራው ከፖላንድ ወደ ፈረንሳይ ተሰዶ የፒያኖ መምህር ሆነ።

ይህ ሰው የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተሰብስበው ታትመዋል። አንባብያንም በሁለት መንገድ ሲያነቧቸው ይታያል። አንደኛው ወገን ደብዳቤዎቹን ለሕይወት ታሪክ ማስረጃ መልቀሚያ ያደርጋቸዋል። ሌላው ስለ ድርሰቶቹ ምሥጢር ፈልጎ ሲያጣ ተራ ወሬ ናቸው ብሎ ይተዋቸዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ሁለቱም አነባበቦች አንድ ዋና ነገር መዘንጋታቸውን ነው። ይኸውም የደብዳቤዎቹን መልክ የሚወስነው ተቀባዩ ማን እንደሆነ ነው፤ ሳይነገር የቀረውም ከተነገረው እኩል ይመዘናል።

ስለ ሥራው የሚጽፍበትን ቃና እንመልከት። በ1833 ለአንድ የልጅነት ጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ በዚያ ቀን አምስት ትምህርት መስጠት እንዳለበት ይናገራል። ለአንድ ትምህርት የሚከፈለው 20 ፍራንክ ስለነበር ሀብታም የሆነ ሊመስል ይችላል። እርሱ ግን የሠረገላውና የነጭ ጓንቱ ወጪ ከገቢው እንደሚበልጥ እየቀለደ ያስረዳል። ቀልዱ ጌጥ አይደለም። መኳንንትን የሚያስተምር ስደተኛ እንደ መኳንንት መልበስ ነበረበት፤ የዚህን ኑሮ ክብደት የምንረዳው በዚያ ሣቅ ውስጥ ነው።

በታኅሣሥ 1830 ከቪየና ለወዳጁ ለማቱሺንስኪ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሰው ፊት ረጋ ብሎ እንደሚታይ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ንዴቱን በፒያኖው ላይ እንደሚወጣ ገልጿል። በ1838 ከማዮርካ ደሴት ለፎንታና ሲጽፍ ሦስት ሐኪሞች እንደመረመሩት ያወሳና፣ አንዱ ሞቷል፣ ሁለተኛው እየሞተ ነው፣ ሦስተኛው ይሞታል እንዳሉት አድርጎ ያሾፋል። በ1848 ከስኮትላንድ ለቤተሰቡ የላከው ረጅም ደብዳቤ በወሬና በጨዋታ የተሞላ ነው። በዚያው ዓመት ለወዳጁ ለግዢማዋ ሲጽፍ ግን ስለ መቃብር ያነሣል። የአማርኛ ደብዳቤ ወግ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ከሩቅ አገር የሚጽፍ ልጅ ሁልጊዜ ደህና ሆኖ አይደለም፤ የእናቱን እንቅልፍ ላለመንሣት ነው እንጂ።

ስለ ሙዚቃውም እንዲሁ ቁጥብ ነው። በ1839 የቀብር ማርሽ ያለበትን ሶናታውን ለፎንታና ሲያስተዋውቅ የመጨረሻውን ክፍል የሁለት እጆች ሐሜት አስመስሎ በጥቂት ቃላት ያልፈዋል። ሳይጨርሰው በቀረው የማስተማሪያ ረቂቅ እንኳ የሚናገረው ስለ ስሜት ሳይሆን ስለ ጣቶች ነው፤ ረጃጅሞቹ ጣቶች በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ እንዲያርፉ፣ እያንዳንዱም ጣት የተፈጥሮ ጠባዩን እንዲይዝ ይመክራል።

ይህ ዝምታ ያላረካቸው አንባብያን መኖራቸው በኋላ ታይቷል። በ1945 ለዴልፊና ፖቶትስካ ተጽፈዋል የተባሉ ደብዳቤዎች ብቅ አሉ። በእነዚህ ውስጥ ሾፓን ስለ ፈጠራና ስለ ፍቅር በሰፊው ይናገራል። ዋናው ጽሑፍ ግን አልቀረበም፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም ሐሰተኛ መሆናቸውን ተቀብለዋል። ለኂስ የሚሰጡት ትምህርት ግን ትልቅ ነው። አስመሳዩ እጅ የሞላው እውነተኛው ጸሐፊ ባዶ የተወውን ስፍራ ነው። አንባቢ የሚመኘውን ሁሉ የሚሰጥ ደብዳቤ ሲገኝ ሐያሲው ከመደሰቱ በፊት መጠርጠር ይገባዋል።

ሌላው ክፍተት ከጸሐፊው ፈቃድ ውጭ የመጣ ነው። በ1863 የሩሲያ ወታደሮች በዋርሶ የእህቱን መኖሪያ ሲዘርፉ ቤተሰቡ ያስቀመጣቸው ብዙ መልእክቶች ጠፉ። ዦርዥ ሳንድም ለእርሱ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ከሞቱ በኋላ ሲመለሱላት አጠፋቻቸው። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው የተቆራረጠ ንግግር ነው። በግምት ከመቀጠል ይልቅ ስብራቱን እንዳለ ማሳየት ይሻላል።

ለዓመታት የጠበቀው ቁጥብነት የሚላላው በሰኔ 1849 ነው። ለታላቅ እህቱ ለሉድቪካ ጽፎ መድከሙን ይነግራታል፤ ከቻለችም እንድትመጣለት ይለምናታል። እርሷም መጣች፤ በጥቅምት ሲሞት አጠገቡ ነበረች። ይህን ደብዳቤ ብቻውን ያነበበ የአንድ በሽተኛ ልመና ያገኛል። የቀደሙትን ቀልዶችና የደህንነት ወሬዎች ሁሉ አንብቦ የደረሰበት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ የተጠነቀቀ ሰው ያን ጥንቃቄ ሲተው ያያል። እንግዲህ የሾፓን ደብዳቤዎች ተራ ናቸው የሚለው ፍርድ የሚመነጨው ነጣጥሎ ከማንበብ ነው። በተርታ፣ ተቀባዩን ከግምት አስገብቶ ላነበባቸው ሰው የስደትን ኑሮ ከብዙ ልብ ወለዶች አብልጠው ያስረዳሉ።