ስለ መስማትና አብሮ ስለ መጓዝ፤ የሮማው ሲኖዶስ ሰነድ ከጅማ ሲመዘን

ሲኖዶስ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው በአንድ መንገድ አብሮ መሄድ ማለት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በኦክቶበር 2021 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከፈቱት የካቶሊካውያን ሲኖዶስ፥ በኦክቶበር 2024 ባወጣው ባለ 155 አንቀጽ የመጨረሻ ሰነድ፥ ካህናትና ምእመናን እየተደማመጡ በእምነት አብረው እንዲጓዙ ይጠይቃል። በማርች 2023 የአፍሪካው ጉባኤ የተደረገው በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ሰነዱን በጅማ ከተማ፥ በጊንጆ ሰፈር በሚኖር አንድ ምእመን ወገን ቆመን ልንመዝነው እንወዳለን።

ሰነዱ ያለ ጥርጥር በጎ ነው። የምክር ጉባኤዎች የግድ እንዲቋቋሙ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ኃላፊዎችም ስለ ሥራቸው ለሕዝቡ መልስ እንዲሰጡ ያሳስባል። ይሁን እንጂ መስማት በጽሑፍ ሲታዘዝ ቀላል፥ በየአገሩ ሲፈጸም ግን ከባድ መሆኑን በበቂ አልመዘነውም ብለን እናስባለን።

መጀመሪያ ቋንቋውን እንመልከት። በ1846 የተሾሙት፥ በአገራችን አቡነ ማስያስ የተባሉት ጉሊየልሞ ማሳያ፥ ስለ አማርኛና ስለ ኦሮምኛ ሰዋስው የጻፉትን መጽሐፍ በ1867 በፓሪስ አሳተሙ። ድካማቸው ታላቅ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የተዘጋጀው ለሚሲዮናውያን መማሪያ ነው፤ የሕዝቡን ቋንቋ ተምሮ ማስተማር አንድ ነገር፥ በዚያው ቋንቋ ሕዝቡ የሚለውን መስማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በጅማ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ወደ ቦንጋ ሲኬድ ካፍኛ ይጨመራል። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚመራ ስብሰባ ያንን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩትን ብቻ ይሰማል፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ይመለሳሉ፥ ዝምታቸውም እንደ መስማማት ይቆጠራል።

ወራቱም እንዲሁ ነው። በየሀገረ ስብከቱ ምክክሩ የተከፈተው በኦክቶበር 17 ቀን 2021 ነበር፤ ይህም በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ቀዩ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ከለቀማ ደክማ የምትገባ እናት እንዴት ለስብሰባ ትደርሳለች? ሮማ ቀኑን እስከ ኦገስት 15 ቀን 2022 ማራዘሟ መልካም ነበር። ነገር ግን የአዝመራውን ጊዜ የሚያውቀው ቁምስናው ነውና፥ ቀጠሮውን ቁምስናው ይቁረጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው የመልስ ጉዳይ ነው። በ1983 የወጣው የቀኖና ሕግ በቁጥር 536 ለቁምስና ምክር ቤት የሚሰጠው የምክር ድምፅ ብቻ ነው። ሰነዱ ይህን የመሰለው አነጋገር እንዲመረመር ይጠይቃል፤ ሕጉ እስኪታረም ድረስ ግን ምእመኑ ምን ይሁን? መልሱን ከእድራችን መማር እንችላለን። በእድር ስብሰባ ጸሐፊው የተወሰነውን ያነባል፥ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ይናገራል፤ አባሉም ሐሳቡ ባይጸድቅለት እንኳ ስለ ምን እንዳልጸደቀ ይሰማል። ቆሞሱም የተቀበሉትን ምክር፥ ያልተቀበሉትንም ከነምክንያቱ፥ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቢያነቡ ሥልጣናቸው አይነካም፥ ቀኖናም አይጣስም።

ቤተ ክርስቲያን በእድር ደንብ አትተዳደርም የሚለን ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ እምነት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ነገር ግን ጌታ ራሱ በኤማሁስ መንገድ ሁለቱን ደቀ መዛሙርት አስቀድሞ ጠየቃቸው፥ ኀዘናቸውን እስከ መጨረሻው ሰማ፥ ከዚያም ለሰማው ነገር መልስ ሰጣቸው። መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይናገርም፤ እርሱ ዝም ካለ ደግሞ ቁምስናው ማንን እንደሚሰማ፥ ከማንስ ጋር እንደሚጓዝ ሊነግረን አይችልም።