መልካም የስክሪን ገጽ በምን ይታወቃል

በፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ሥርዓት የተሠራን የስክሪን ገጽ ለመመርመር የሚወድ ሰው፣ ዓይኑን ከቀለሙና ከአዝራሩ ጌጥ መልሶ፣ ሠሪው የፕሮግራሙን ሁኔታ፣ ይኸውም ባለሙያዎቹ ስቴት የሚሉትን፣ በምን መልክ እንደ ቀረጸው አስቀድሞ ይመልከት፤ ገጹ ከሁኔታው የሚወለድ እንጂ በራሱ የሚቆም አይደለምና።

ኢቫን ቻፕሊኪ እ.ኤ.አ. በ2012 በሃርቫርድ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ የተዋወቀው ኤልም የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይህን ሥርዓት ውሎ አድሮ በሦስት ክፍል አጸናው፤ ሞዴል ሁኔታውን ይይዛል፣ ቪው ሁኔታውን ተቀብሎ ገጹን ይሥላል፣ አፕዴት ደግሞ የመጣውን መልእክት ከነበረው ሁኔታ ጋር አገናዝቦ አዲሱን ሁኔታ ያወጣል። ነገር ግን ሦስቱ ስሞች በኮዱ ውስጥ መገኘታቸው ብቻ ለሥራው ምስክር አይሆንም።

ከሰርቨር የደንበኞችን ዝርዝር የሚያመጣ አንድ ገጽ እንውሰድ። ያልበሰለው ሠሪ «እየመጣ ነው» እና «ስሕተት አለ» የሚሉ ሁለት የእውነትና የሐሰት ምልክቶችን ከዝርዝሩ ጎን ያኖራል፤ ስለዚህም አንዱ ጥያቄ በአንድ ጊዜ እየመጣም ከሽፎም ሊገኝ ይችላል፤ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆንም ደንበኛ ስለ ሌለ ይሁን ወይም ገና ስላልተጠየቀ መለየት ያስቸግራል። ሊቁ ግን አንድ ዓይነት ደንግጎ አራት መልክ ብቻ ይሰጠዋል፤ ያልተጠየቀ፣ በመምጣት ላይ ያለ፣ ከነምክንያቱ የከሸፈ፣ ከነዝርዝሩ የደረሰ። ዝርዝሩ ከአራተኛው በቀር በሌላ ስፍራ ስለማይገኝ የማይሆነው ነገር ሊጻፍ እንኳ አይችልም፤ ቪው ከአራቱ አንዱን ቢዘነጋም የኤልም ኮምፓይለር ኮዱን አልቀበልም ይላል። እኔ በበኩሌ የሠሪውን ብስለት ከዚህ ይልቅ ፈጥኖ የሚገልጥ ምልክት አላውቅም።

ቀጥሎ የቪው ንጽሕና ይፈተን፤ ለአንድ ሁኔታ ሁልጊዜ ያንኑ ገጽ ሊመልስ ይገባዋል። ኤልም ይህን በግድ ያስከብራል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የተለቀቀው ሪአክት የተባለው የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ ግን ለሠሪው ኅሊና ይተወዋልና፣ ገጹ በሚሣልበት ኮድ መካከል ሰዓት የሚያነብ ወይም ለሰርቨር ጥያቄ የሚልክ መስመር ተሸሽጎ እንደ ሆነ መፈለግ ያሻል።

የመልእክቶቹም ስም በጥንቃቄ ይነበብ። «አስቀምጥ የሚለው ተነካ» የሚል መልእክት የሆነውን ብቻ ተናግሮ ፍርዱን ለአፕዴት ይተዋል፤ «የመጫን ምልክቱን እውነት አድርግ» የሚል ግን ፍርዱ አስቀድሞ በቪው ውስጥ እንደ ተሰጠ ያጋልጣል፤ እንዲህ ያሉት በበዙበት ኮድ አፕዴት የታዘዘውን ከመገልበጥ ሌላ ግብር የለውም፤ ገጹ ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻም አዝራሩን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያስስ ይውላል።