መደገፊያውን ማን ይቀባዋል?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የሀገራችን ሰው ሲተርት። ተረቱ ላይ ላዩን ስለ አጥር ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስለ ባለቤት ነው። ይህን ተረት ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ምክንያት መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ በየድረ ገጹና በየስልካችን የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ አለ። የእንጨት በረንዳ፣ ፎቁ ላይ የተጠረበ መደገፊያ፣ ከግርጌው ደግሞ የቁጭት ጽሑፍ። ከፎቶግራፉ ሥር ሁለት ወገን ይሰለፋል። አንዱ ወገን «ቅርሳችን ጠፋ» ብሎ ያለቅሳል። ሌላው «የበሰበሰ ጭቃ ቤት ነው፣ እንኳን ፈረሰ» ይላል። እኔ ዛሬ ከሁለቱም ወገን ጋር ጠብ አለኝ።

ጠቤን ከመዘርዘሬ በፊት የት ቆሜ እንደምናገር ላስታውቅ። የሥነ ሕንጻ ሊቅ አይደለሁም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች በአናጢነትና በቀለም ቀቢነት የምተዳደር ሰው ነኝ። በረዶው ከቀለጠበት ጊዜ አንሥቶ እስኪመለስ ድረስ አብዛኛው ሥራዬ በረንዳ ነው። የበሰበሰውን መደገፊያ መፍታት፣ መተካት፣ መፋቅ፣ መቀባት። ስለዚህ ያንን የፒያሳ ፎቶግራፍ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በጥርቡ ላይ ሳይሆን በታችኛው አግዳሚ ላይ ነው። እንጨት መሞት የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የአርመንና የሕንድ ባለሙያዎች ከሀገሬው ጋር ሆነው በአዲስ አበባ የሠሯቸው የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ሰፊ በረንዳና ከግድግዳው ርቆ የወጣ ጣሪያ ነበራቸው። ይህ የተደረገው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ጭቃ ስለሆነ የሐምሌ ዝናብ ዕለት ዕለት ከመታው ይሟሟል። ጣሪያው ዝናቡን ያርቃል፤ ነፋስ እያዘነበለ የሚያስገባውን ደግሞ በረንዳው ይቀበላል። መደገፊያው እንግዲህ ጌጥም ነው፣ ከውድቀት መጠበቂያም ነው፣ ስለ ግድግዳው ሲል የሚመታም ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን፣ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ዝናብ የሚመታው ነገር ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። የሀገራችን ጽድ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ነው። ቢሆንም ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ውኃው የሚተኛበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ቋሚዎቹ ዘንጎች ከታችኛው አግዳሚ ጋር የሚገናኙበት ስንጥቅ ነው። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ውኃ ይጠጣል። አናጢው አዋቂ ከሆነ አግዳሚውን ውኃ እንዲወርድለት በመጠኑ ያዘነብለዋል፣ ከወለሉ ከፍ ያደርገዋል፣ ጫፎቹንም ከመግጠሙ በፊት ቀለም ያጠጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የብሩሽ ነገር ነው። በየጥቂት ዓመቱ የተላጠውን መፋቅ፣ የተሰነጠቀውን መድፈን፣ እንደገና መቀባት። አንድ የላላ ዘንግ በጊዜው መቀየር የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። ሲዘገይ ግን አግዳሚው ይከተላል፤ ከዚያ ምሰሶው፣ ከዚያ ጣሪያው፣ በመጨረሻም ጭቃው። «ቤቱ አርጅቷል» የምንለው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ሰንሰለት ነው።

ለመሆኑ ብሩሹ የቀረው መቼ ነው? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የአነስተኞቹም ኪራይ ተቀነሰ። ብዙ ድሃ በዚህ አዋጅ መጠለያ እንዳገኘ አልክድም፤ ስለ ፍትሐዊነቱ ሊቃውንቱ ይከራከሩ። የእኔ ጥያቄ የአናጢ ጥያቄ ነው። ከዚያች ኪራይ ውስጥ የቀለሙ ገንዘብ የቱ ነው? የቀድሞው ባለቤት ተነጥቋል። ተከራዩ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ቢቀባ ለሌላ መቀባቱ ነው። ቀበሌው የሚሰበስበው ገንዘብ ጣሪያ እንኳ የሚያስከድን አልነበረም። ሦስቱም በአንዱ በረንዳ ዙሪያ ቆመው ብሩሹን የሚያነሣ ጠፋ። ቤተሰብ ሲበዛ በረንዳው በቆርቆሮ ተከልሎ ክፍል ሆነ፤ መደገፊያው ከቆርቆሮው ጀርባ ተረሳ።

ከአልቃሾቹ ወገን ጋር ያለኝ ጠብ እንግዲህ ይህ ነው። የምታለቅሱለት በረንዳ መሞት የጀመረው ዶዘር የመጣ ዕለት አይደለም፤ ከ40 ዓመት በላይ ሲሞት ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ደግሞ አልፈንበት ሄደናል። ከደስተኞቹ ወገን ጋር ያለኝም ይኸው ነው። «የበሰበሰ ነው» ስትሉ ያበሰበሰውን ሳትጠይቁ በምትኩ የሚቆመውን ታወድሳላችሁ። ያበሰበሰው ምክንያት ካልተነካ በምትኩ የሚቆመውም መጨረሻው ያው ነው።

አሁን ወደ መርከብ ልውሰዳችሁ። መርከብ ምን አመጣው አትበሉኝ። የምኖርባቸውን ሁለት ከተሞች የሚያገናኘው ሚሲሲፒ ወንዝ ነው፤ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም «ቫይኪንግ ሚሲሲፒ» የተባለው የመዝናኛ መርከብ ከኒው ኦርሊየንስ ተነሥቶ እስከ ሴንት ፖል ይመጣል። መርከብ ሠሪዎች የእኛን የበረንዳ ጥያቄ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ መንገደኛው የጥንቱን የእንጨት ውበት ይወዳል፣ ውኃና ፀሐይ ደግሞ እንጨቱን ይበሉታል። ዛሬ በብዙ የመዝናኛ መርከቦች በረንዳ ላይ የምናየው መፍትሔ አካሉን ብረትና መስታወት አድርጎ ከላይ፣ እጅ በሚያርፍበት ቦታ፣ አንድ የቲክ እንጨት ማኖር ነው። ዝናቡን ብረቱ ይመታል፤ እጅ የሚዳስሰው እንጨት ነው። ያቺ አንዲት እንጨት እንኳ ምርጫ አላት። ቫርኒሽ ከተቀባች በየጊዜው ተፍቃ እንደገና መቀባት አለባት፤ ካልተቀባች ወደ አመድማነት ትለወጣለች። የመርከቡ ባለቤት ከሁለቱ አንዱን መርጦ በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ ያሰፍረዋል። ከፍታውም ለአናጢው ፈቃድ የተተወ አይደለም፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመዝናኛ መርከብ መደገፊያ ከ42 ኢንች፣ ማለትም ከ107 ሳንቲሜትር ገደማ እንዳያንስ ያዛል።

ከዚህ ይልቅ ግን የሚያስተምረን የ«ዴልታ ክዊን» ታሪክ ነው። በ1927 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረች፣ ቀፎዋ ብረት ሆኖ ከላይ ያለው አካሏ እንጨት የሆነ የእንፋሎት መርከብ ናት፤ በዘመኗ ሴንት ፖል ድረስ ትመጣ ነበር። በኅዳር 1965 (እ.ኤ.አ.) ከማያሚ ወደ ናሶ ስትሄድ የነበረች «ያርማውዝ ካስል» የተባለች ሌላ መርከብ ተቃጥላ 90 ሰዎች ሞቱ። እሳቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ ለዓመታት ሳይፋቅ የተደራረበው ቀለም ነበር። ይህንን ለሙያ ጓደኞቼ ዘወትር እነግራለሁ፤ ሳይፍቁ መቀባት እንክብካቤ አይደለም። ከዚያ አደጋ በኋላ በ1966 የወጣው ሕግ መንገደኛ የሚያሳድሩ የእንጨት መርከቦችን ሲከለክል «ዴልታ ክዊን» በኮንግረስ ልዩ ፈቃድ እስከ 2008 ቆየች። ፈቃዱ ሲያበቃ ቆማ በቻታኑጋ ከተማ ሆቴል ሆነች። በ2018 መጨረሻ ፈቃዱ እስከ 2028 ታደሰ። በዚያ ሕግ ውስጥ ያለችው አንዲት ቅድመ ሁኔታ ናት እኔን ያስደሰተችኝ። ባለቤቱ እሳት ከማይከላከል ነገር ከተሠራው የመርከቢቱ ክፍል በየዓመቱ ቢያንስ 10 በመቶውን እንዲያሻሽል ታዟል።

አንባብያን ሆይ፣ ይህችን 10 በመቶ ልብ በሏት። ሕጉ «ውብ ናትና አትነኳት» አላለም። «አደገኛ ናትና ሰባብሯት» አላለም። ባለቤቷን ጠርቶ በየዓመቱ የሚሠራውን ቆጥሮ ሰጠው። በእኛ የቅርስ ክርክር ውስጥ የጎደለው ይህ ነው።

በሴንት ፖል የሰሚት ጎዳናን ያየ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው የእንጨት በረንዳዎች ቀለማቸው ሳይደበዝዝ ቆመው ሲያይ «ፈረንጅ ለቅርስ ያለው ፍቅር!» ብሎ ይገረማል። ፍቅሩ እንዳለ ሆኖ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ነው። በተከለሉት ታሪካዊ ሰፈሮች የውጭ ገጽታ ለመለወጥ የከተማው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን ማየት አለበት። የጥንቱ መደገፊያ አጭር ነው፤ የዛሬው የመኖሪያ ቤት ደንብ ግን 36 ኢንች፣ 91 ሳንቲሜትር ገደማ ይጠይቃል፤ በዘንጎቹም መካከል አራት ኢንች ስፋት ያላት ኳስ ማለፍ የለባትም፤ የሕፃን ጭንቅላት እንዳያልፍ ነው። ከተለመዱት መላዎች አንዱ የጥንቱን እንዳለ ትቶ ከበላዩ ቀጭን ብረት መጨመር ነው። ከሩቅ ሲታይ ዓይን አያገኘውም፤ ልጅ ግን አይወድቅም። ከ1978 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል የምንፍቀው በሥልጠናና በጥንቃቄ ነው። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ወጪውንም የሚሸፍን ባለቤት አለ።

ይህ የሀብታም ሰፈር ወግ ነው የሚል ካለ ወደ ሴዳር ሪቨርሳይድ ይሂድ። ራልፍ ራፕሰን የነደፈው፣ በ1973 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው ባለ ቀለም ሰሌዳ የኮንክሪት ሕንጻ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ስንቱ ስደተኛ የኖረበት ሪቨርሳይድ ፕላዛ፣ በ2010 በአሜሪካ ታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። መመዝገቡ ለክብር ብቻ አልነበረም። ታሪካዊ ሕንጻ ለሚያድስ ባለቤት ከግብር የሚታሰብለትን ቅናሽ በር ከፈተ፤ ታላቁ እድሳትም ተካሄደ። የኪራይ ቤት ነው፤ ነዋሪው ባለጸጋ አይደለም፤ ግን የቀለሙ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ታስቦበታል። የእኛ ቀበሌ ቤት ያጣው ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አዲሱ ሥራችን። እዚህ ሰርተን አዲስ አበባ ላይ ቤት የምንሠራ ብዙዎች ነን። በረንዳችን ወይ የሚያብረቀርቅ ብረትና መስታወት ነው፣ ወይም በሻጋታ የተሠራ የሲሚንቶ ዘንግ። «ጥገና አይፈልግም» ተብሎ ይሸጥልናል። ጥገና የማይፈልግ መደገፊያ በ20 ዓመት ሥራዬ አላየሁም። በሲሚንቶው ዘንግ ውስጥ ያለው ብረት ውኃ በስንጥቅ ከደረሰው ይዝጋል፤ ዝገቱ አብጦ ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል። የመስታወቱ ማሰሪያ ይላላል። አይዝግም የተባለው ብረትም ካልታጠበ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ከእንጨቱ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ እንጨት ከመሞቱ በፊት ቀለሙን እየላጠ ያስጠነቅቃል፤ በሲሚንቶ ውስጥ ያለ ብረት ግን ሕመሙን ደብቆ ይቆያል። ከእንጨቱ ወደ ሲሚንቶው የሸሸነው ከሥራ ለመሸሽ ከሆነ ሥራው ቀጠሮውን ብቻ ነው የለወጠው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከተረፉት ልጀምር። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ በግቢው የነበረው የ«ጃዝ አምባ» ሙዚቃ ቤት ሲወድም ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ድንጋጤው ስንት ሳምንት ቆየ? በቅርስነት በተመዘገበ እያንዳንዱ ቤት በር ላይ ከታሪኩ ጽሑፍ ጎን ሌላ ሰሌዳ ይሰቀል። ኃላፊው ማን ነው፣ መጨረሻ የተቀባው መቼ ነው፣ ቀጣዩ መቼ ነው የሚል። ኪራይ ከሚከፈልበት ቤት የታወቀ እጅ ለጥገና ይቆረጥ። ሁሉን በአንድ ዓመት ማደስ አይቻልም፤ በየዓመቱ አሥር እጅ ግን ይቻላል። አንድ መደገፊያ ከመጠገን ያለፈ ከሆነም በሐቅ ይለካ፣ ይነደፍ፣ በተሻለ እንጨትና በሚገባው ከፍታ ይተካ፤ የበሰበሰውን ለማየት ሲባል ሰው ከፎቅ መውደቅ የለበትም።

እኛ በውጭ ያለነውም ድርሻ አለን። ለአሮጌ ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ አዳራሽ እንከራያለን፣ እራት እናበላለን፣ እናለቅሳለን። የዚያን እራት ወጪ ለአንድ አናጢና ለሁለት ተለማማጆች ደመወዝ ብናደርገው በየዓመቱ አንድ በረንዳ ይተርፋል፤ ከበረንዳው ጋር ጥርቡን መጥረብ የሚያውቅ እጅም ይተርፋል። ያ እጅ ከሌለ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ የሚሠራው አይኖርም። ይህ ለጋዜጣ የሚበቃ ወሬ አይደለም፤ ሪባን የሚቆረጥበትም የለም። ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ ማንም ያልጀመረው።

በሚቀጥለው ጊዜ ያ ፎቶግራፍ ሲደርሳችሁ «እንዲህ ነበርን» ከማለታችሁ በፊት የታችኛውን አግዳሚ እዩልኝ፤ ከቆሙትም መካከል ስንቱ ቀለሙን እንደላጠ ቁጠሩልኝ። ከዚያ በኋላ በስማችንም ሆነ በስማቸው ኃላፊውን ጠርተን እንነጋገር።

ቸር ያሰንብተን።
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ